ለመገላገል የተጻፈ ደብዳቤ

ርዕሰ መምህሩ ስለ ራሱ የሚወራውን ቀልድ እስከ መጨረሻው አዳመጠና ከሌሎቹ ጋር አብሮ ሳቀ። የአራት ሰዓቱ የሻይ እረፍት ነበር። ሠልጣኞቹ የአዳራሹ በረንዳ ላይ ትልቁን የሻይ ማፍያ ከበው ቆመዋል። ሁሉም የመንግሥት ትምህርት ቤት ርዕሳነ መምህራን ናቸው፤ ሁሉም ደረታቸው ላይ የስም ካርድ አንጠልጥለዋል፤ ፊደሉ ከመድቀቁ የተነሳ ግን ካርዱን የሚያነብ የለም። ቀልዱን የሚያወራው በከተማው ወዲያኛው ጫፍ ያለ ትምህርት ቤት የሚመራ ወፍራም ሰው ሲሆን፣ አምስቱን የሥልጠና ቀናት ሁሉም «ጢሞ» ሲለው ከርሟል።

«እኔ አመራር የተማርኩት ከስላይድ አይደለም» አለ ጢሞ፣ ብስኩቱን ሻይ ውስጥ እየነከረ። «ከኮሎኔሉ ነው። ወታደር ሆነው አያውቁም፤ ስም ነው የወጣላቸው። እሳቸው ምን ይሉ ነበር መሰላችሁ? ‘ልታባርረው የማትችለውን መምህር ከፍ አድርገው’። አንድ የጂኦግራፊ መምህር ነበራቸው አሉ። ክፍሉ ገበያ ነው፤ ሰውዬው ቢጮህ ቢጮህ የሚሰማው የለም። አንድ ቀን ዓለምን ላሳያቸው ብሎ ሉል ይዞ ገባላችኋ። ልጆቹ እየተቀባበሉ ከሁለተኛ ፎቅ በመስኮት ላኩት። ኮሎኔሉ ደግሞ ታች ከትምህርት ቢሮ እንግዶች ጋር ቆመዋል። ዓለም መጥታ እግራቸው ሥር ዱብ!»

ሻዩ ያነቀው ሰው ነበር። «ታዲያ ምን አደረጉት?» አለ አንዱ፣ ዓይኑን እየጠረገ።

«ምን ያደርጉታል! ያኑ ዕለት ቁጭ ብለው ደብዳቤ ጻፉለት። ‘በአመራር ክህሎቱ ወደር የማይገኝለት፣ ለትልቅ ኃላፊነት የታጨ’ ምናምን። ቢሮው መኪና ልኮ ሊወስደው ምንም አልቀረው። ይኸው ዛሬ የሆነ ቦታ ዳይሬክተር ነው። እንዲያውም እዚሁ መሀላችን ይኖር ይሆናል!»

እያንዳንዱ የጎረቤቱን ፊት እያየ ሳቀ። ርዕሰ መምህሩም የጎረቤቱን ፊት እያየ ሳቀ። ሻዩ ጫማው ላይ ፈስሶበት ነበርና ጎንበስ ብሎ መጥረግ ጀመረ፤ ጫማው ከደረቀም በኋላ ትንሽ ቆየ። ያ ደብዳቤ ከአሥራ አራት ዓመት በፊት የተጻፈ ነው። ቅጂው ቤቱ ቁም ሣጥን ውስጥ፣ ከዲግሪውና ከጋብቻ ወረቀቱ ጋር በአንድ ላስቲክ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። «ወደር የማይገኝለት» የሚለውን በቃሉ ያውቀዋል። ሰው ሲያዋርደው፣ ስብሰባ ላይ ሲወቅሱት፣ ወላጅ ሲጮህበት ቃሏን በልቡ ያላት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ኮሎኔሉ ደግሞ ዛሬ አማቱ ናቸው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ ከእሱ ቤት ነው የሚኖሩት። ዛሬ ጠዋት ሳሎን ተገናኝተው «ውኃ መጥቷል?» ብለውት ነበር፤ «አልመጣም፣ አባባ» ብሏቸው ወጥቷል። ከዚያ የረዘመ ወሬ ከተለዋወጡ ምናልባት ወር አልፏቸዋል።

ጢሞ የተናገረው ምስጢር አልነበረም፤ ለዚያ ነው ሁሉም ሳቁን የተጋራው። በየዓመቱ ከሥልጠናው ማብቂያ ላይ እያንዳንዱ ርዕሰ መምህር «ተተኪ አመራር» የሚለውን ቅጽ ይሞላል። ከትምህርት ቤቱ አንድ ሰው ያጫል፤ ቢሮው ዕጩዎቹን አጭር ኮርስ ያስገባና ክፍት ቦታ ባለበት ይመድባቸዋል። የታጨ ይሄዳል። ጥሩ ሰው የጻፈ ጥሩ ሰውን ያጣል። ስለዚህ ማንም ሳይመክረው፣ ማንም በቃለ ጉባኤ ሳይዘው፣ ሁሉም ሊገላገለው የሚፈልገውን ሰው መጻፍ ለመደ። ርዕሰ መምህሩም ካቻምና ከጸሐፊዋ ጋር የማትነጋገረውን የቋንቋ መምህርት፣ አምና ደግሞ ሜዳ ላይ ከመተኛት በቀር ሥራ የማያውቀውን የስፖርት መምህር ጽፏል። ሁለቱም ዛሬ ዳይሬክተሮች ናቸው። የስፖርት መምህሩ እንዲያውም እዚሁ ሥልጠና ላይ፣ ሦስተኛው ረድፍ ተቀምጧል፤ ሲያየው ከወገቡ ዝቅ ብሎ ሰላም ይለዋል፤ ውለታው ነው። የዘንድሮው ቅጽ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ ይሰበሰባል።

ከእረፍት በኋላ አሠልጣኟ ኃላፊነትን ስለ ማካፈል አስተማረች። ከዩኒቨርሲቲ የመጣች፣ ዕድሜዋ ከእሱ ታናሽ እህት የማይበልጥ፣ ድምፅዋ ለአምስት ቀን ንግግር ያልተሠራ ሴት ናት፤ በየመሀሉ ውኃ ትጎነጫለች። የምትለው ሁሉ ልክ ነበር። የመሪ መለኪያው እሱ በሌለበት ቀን የሚሠራው ሥራ ነው አለች፤ ሁሉም ጻፈ። እሱም ጻፈ። ገና ነጥቡን ሳያኖር ስልኩ ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። ከምክትሉ የመጣ መልእክት ነበር፦ «ዳይሬክተር፣ ማኅተሙ እርስዎ ጋ ነው? የተማሪ መሸኛ የምትፈልግ እናት ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቢሮ ተቀምጣለች። የሚሄዱበት መኪና ስምንት ሰዓት ይነሳል።» ቦርሳውን በእጁ ደባበሰው። ማኅተሙ ከእነ ቀለሙ እዚያው አለ። አምስት ቀን ሙሉ ይዞት ሲዞር ከርሟል።

ለምሳ ሲወጡ እሱ የምሳ ካርዱን ለጢሞ ሰጥቶ ወደ ታክሲ ሄደ። ካርዱን ለምን ለጢሞ እንደሰጠ ራሱም አላወቀም፤ ቅርብ የቆመው እሱ ስለነበር ይሆናል። ታክሲው ውስጥ ረዳቱና አንዲት ተሳፋሪ በታሪፉ ይጨቃጨቃሉ፤ ከሰኞ ጀምሮ አሥር የነበረው አሥራ ሦስት ሆኗል፤ ሴትየዋ «ሦስቱን መንገዱ ረዘመ ብላችሁ ነው?» ትላለች። ርዕሰ መምህሩ አሥራ ሦስቱን ከፍሎ በመስኮት እያየ ሄደ። ስለ ሉሉ ያስባል። ሉሉ ያን ቀን ከምድር ወገቡ ላይ ለሁለት ተሰንጥቆ ነበር፤ ማታ ቤቱ ወስዶ በሙጫ አጣበቀው። ጠዋት ኮሎኔሉ ቢሮ ሲጠሩት ስንብት መስሎት ነበር። እሳቸው ግን አስቀምጠው፣ በረዥሙ ካዩት በኋላ «አንተ ከክፍል በላይ ነህ» አሉት። በዚያች ቃል ነበር የኖረው።

ትምህርት ቤቱ ሲደርስ እናትየዋ የጸሐፊዋ ወንበር ላይ፣ ጓዟን እግሯ ሥር አድርጋ ተቀምጣ አገኛት። መሸኛው ተጽፎ፣ ተፈርሞ፣ ማኅተም ብቻ ነው የቀረው። አተመላት። «እግዜር ይስጥልኝ፣ ዳይሬክተር» ብላ ተነሳች፤ ስንት ሰዓት እንደጠበቀች አላነሳችም፤ ሰው መጠበቅ ሥራዋ የሆነ ትመስላለች። መልእክቱን የላከችለትን ምክትሉን ፈልጎ ወደ አዲሱ ሕንፃ ሄደ። ከሰዓት በኋላ የሚማሩት ገብተዋል። ሰባተኛ «ሀ» እና ሰባተኛ «ለ» መሀላቸው የሚከፈት በር አለ፤ ምክትሏ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ደፉ ላይ ቆማ፣ ሁለቱን ክፍል ባንድ ላይ ሒሳብ ታስተምራለች። አንዱን መልመጃ ለግራ፣ ሌላውን ለቀኝ ሰጥታ ራሷን እንደ በር ማጠፊያ ትዞራለች። መቶ አሥር ልጅ ነው። የሚሰማው የእርሳስ ድምፅ ብቻ ነበር።

ስታየው ሥራ ሰጥታቸው ወጣች። እጇ ጠመኔ ነው፤ የመነጽሯ አንዱ እጀታ በፕላስተር ተጠግኗል። «የሰባተኛ ‘ለ’ መምህርት ልጇ ታሞባት ነው» አለች፣ ሳይጠይቃት። «ውኃ ደግሞ ከትናንት ጀምሮ የለም፤ ቦቴው አሥር ሰዓት ይመጣል ብለዋል፤ ካልመጣ የታናናሾቹን መጸዳጃ ቆልፌ ወደ ቤት አስቀድሜ እሰዳቸዋለሁ። ጠመኔም ሁለት ካርቶን ገዝቻለሁ፤ ጨምሯል፤ ደረሰኙ ጸሐፊዋ ጋ ነው። ሥልጠናው እንዴት ነው?»

«ኃላፊነት ስለ ማካፈል ነው የተማርነው።»

ምክትሏ ሳቋን በጠመኔው እጇ ሸፈነች፤ አፍንጫዋ ላይ ነጭ ቀረ። ማኅተሙን ከቦርሳው አውጥቶ ሰጣት። እሷ ግን አልተቀበለችውም፤ ዘርግቶት እንደቆመ መሬት መሬት አየች።

«ዳይሬክተር፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ፤ አይቆጡም?»

«ተቆጥቼሽ አውቃለሁ?»

«ዘንድሮ የሚጽፉት ምዕራፍ አንድን ነው አሉ፤ እውነት ነው?»

ምዕራፍ አንድ ልጆቹ ለሳይንስ መምህሩ ያወጡለት ስም ነው። የመጀመሪያው መንፈቅ ዓመትም ሆነ ሁለተኛው ይምጣ፣ እሱ ከመጀመሪያው ምዕራፍ አይወጣም፤ ልጆቹ ወደ ላይኛው ክፍል የሚያልፉት ስለ አንድ ሕዋስ ብቻ አውቀው ነው። «ማን ነገረሽ?» አላት።

«ጥበቃው ሳይቀር ያውቃል። ማን እንደሚጻፍ እኮ በየዓመቱ እናውቃለን። ካቻምና ከጸሐፊዋ የተጣላችው፤ አምና እንቅልፋሙ። እኔ ተራዬ እንዲደርስ ከማን ልጣላ?» ቀልዳ ነበር የጀመረችው፤ መጨረሻው ላይ ግን ቀልድ አልነበረም። «የማድረው ሁለት ታክሲ ተሳፍሬ፣ ግማሽ ሰዓት በእግር ሄጄ እንደሆነ ያውቃሉ። አልጋ የያዘውን አባቴን የሚያገላብጠው ሰው የለም። የዳይሬክተር ቦታ ግቢ ውስጥ ቤት አለው። ሌላ ሌላውን ተዉት፤ እኔ ቤቱን ነው የማስበው።»

«ያላንቺ ይኼ ትምህርት ቤት አንድ ሳምንት አይቆምም እኮ።»

«የመጀመሪያው ዓመት ላይ እንዲህ ሲሉኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለች። ከዚያ ማኅተሙን ከእጁ ወስዳ ሹራብ ኪሷ ውስጥ ጨመረችና ወደ በሯ ደፍ ተመለሰች። ከግራ ክፍል አንዲት ልጅ እጇን አውጥታ ስትጠብቃት ነበር።

ደረጃውን ሲወርድ ምዕራፍ አንድ ራሱ ከታች ይመጣል። የተተኮሰ ሸሚዝ ለብሷል፤ ፀጉሩን ተቆርጧል። ክፍሉ ሁለተኛው ደወል ከተደወለ ጀምሮ እየጠበቀው እንደሆነ ከላይ የሚሰማው ጩኸት ይናገራል። ርዕሰ መምህሩን ሲያይ ደብተሮቹን ካንዱ ብብት ወደ ሌላው አዛወረ። ሠላሳ ዓመት የሞላው፣ ቁመቱ ዘለግ ያለ፣ ሰውን ዓይን ለዓይን ማየት የሚቸገር ልጅ ነው።

«ዳይሬክተር፣ ለእናቴ ነገርኳት» አለ።

«ምኑን?»

«መታጨቴን። እስኪጸድቅ ለሰው አትንገር ብላኝ ነበር፤ እሷ ግን ለጎረቤቱ ሁሉ ነግራለች።» ፈገግ አለ። «እኔ መቼም ማስተማሩ አልሆነልኝም፤ እርስዎ አልተናገሩኝም እንጂ አውቃለሁ። ልጆቹ ምን እንደሚሉኝም አውቃለሁ። ምናልባት ማስተዳደሩ ይሆንልኛል ብዬ ነው።»

ርዕሰ መምህሩ የልጁን ሸሚዝ እያየ ቆመ፤ ካውያው ኪሱ ላይ ትንሽ አቃጥሎታል። «ክፍልህ እየጠበቀህ ነው» አለው በመጨረሻ፤ ልጁም «እሺ ጋሼ» ብሎ ሁለት ሁለት ደረጃ እየዘለለ ወጣ። ጩኸቱ ግን እሱ ከገባም በኋላ አልበረደም። ርዕሰ መምህሩ ይበርድ እንደሆነ ብሎ ጠበቀ፤ ከዚያ ሰዓቱን አይቶ ሄደ። በር ላይ ሁለት ሙዝ ገዝቶ፣ አንዱን ታክሲ ውስጥ በላ፤ ሌላውን ቦርሳው ውስጥ ረሳው።

አዳራሹ ሲደርስ ቅጹ ታድሏል። ከምሳ በኋላ ያለው ሙቀት ከብዶ ግማሹ ሰው ያንቀላፋል፤ ከጣሪያው የተንጠለጠለው አየር ማራገቢያ ሲዞር የቅጾቹን ጫፍ እያነሳ ያስቀምጣል። ጢሞ ከጎኑ ተቀምጦ እየጻፈ ነው፤ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ያ የስፖርት መምህርም አንገቱን ደፍቶ ይጽፋል፤ እሱም አሁን የሚገላገለው ሰው አለው ማለት ነው። ቅጹ ስድስት ጥያቄ ነበረው። ስም፣ የአገልግሎት ዘመን፣ ጠንካራ ጎን። አራተኛው «ዕጩው ከትምህርት ቤቱ ቢነሳ የሚፈጠር ክፍተት» ይላል። እዚያ ላይ ሁሉም በየዓመቱ የሚጽፈው አንድ ነው፦ «የሚፈጠር ክፍተት የለም።» እንዲህ የተጻፈለት ዕጩ ቶሎ ይጸድቃል። እሱ ራሱ ሁለቴ እንዲህ ጽፏል፤ ሁለቴም ውሸት አልነበረም።

ጠዋት ከቀልዱ በኋላ የተሰማው ንዴት ነበር፤ ማታ ቤት ገብቶ ሽማግሌውን ምን እንደሚላቸው በልቡ ሲያወጣ ሲያወርድ ነበር። አሁን ንዴቱን ፈለገና አጣው። የሳይንስ መምህሩን ስም ቢጽፍ የሆነ ቦታ ስምንት መቶ ወይም ሺህ ልጅ አንድ የማይጮህ፣ የማይቆጣ፣ ምን መሥራት እንዳለበት የማያውቅ ዳይሬክተር ያገኛል። ያ ሰው ደግሞ የተጻፈለትን ደብዳቤ በላስቲክ ጠቅልሎ ያስቀምጠዋል። የምክትሉን ስም ቢጽፍ ደግሞ፣ ሺህ ሰባት መቶ አርባ ልጅ ያለበት ግቢ ውስጥ ማን ውኃ እንዳዘዘ፣ ማን እንደቀረ፣ የማን እናት ቢሮ እንደተቀመጠች የሚያውቅ ሰው አይኖርም። እሱ እንደማያውቅ ዛሬ በዓይኑ አይቷል። ሐምሳ አንድ ዓመቱ ነው። ጉልበቱ ደረጃ ሲወጣ ያመዋል። ጡረታው እስኪደርስ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያንን ሁሉ ብቻውን ሊሸከም ነው። እስክሪብቶውን ወረቀቱ ላይ አድርጎ ብዙ ቆየ፤ ከስሙ ቦታ ላይ አንዲት ሰማያዊ ነጥብ እየሰፋች መጣች።

ከዚያ የምክትሉን ስም ከእነ አባቷ ከእነ አያቷ ጻፈ። አራተኛው ጥያቄ ጋ ሲደርስ ስለ በሩ፣ ስለ ሁለቱ ክፍል ጻፈ። መምህራኑ በየወሩ አንዳቸው የሌላቸውን ክፍል ገብተው እንዲያዩ እሷ እንደጀመረች፣ የምዕራፍ አንድን ክፍል ግን እስከ ዛሬ ማንም ገብቶ እንዳላየው ጻፈ። ማኅተሙን ይዞ መጥፋቱንም ጻፈ። ቦታው ሲሞላ ገለበጠውና ጀርባው ላይ ቀጠለ። ጢሞ አንገቱን አስግጎ አነበበው።

«አንተ፣ አብደሃል? ቀኝ እጅህን እኮ ነው ቆርጠህ የምትሰጣቸው!»

«አውቃለሁ።»

«ወንድሜ፣ የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች አሉ። ጊዜ አለህ፤ ሰርዘው። ሌላ ቅጽ ላምጣልህ?» ከልቡ አዝኖለት ነበር። ወዲያው አንድ ሐሳብ የመጣለት መሰለና የርዕሰ መምህሩን የስም ካርድ ጠጋ ብሎ አነበበው፤ ቀና ብሎም ፊቱን አየው። ጠዋት ያወራው ቀልድ የማን እንደሆነ አሁን የገባው ይመስላል። ጢሙን በእጁ ጠረገና «ምሳው እንኳ ጥሩ አልነበረም» አለና ወደ ራሱ ቅጽ ተመለሰ።

አሠልጣኟ ቅጾቹን እየሰበሰበች ደረሰች። የእሱን አገላበጠችው። «ጀርባውም ተጽፎበታል» አለች፣ ድምፅዋ ጨርሶ ተዘግቶ።

«ፊቱ አልበቃኝም።»

ቆማ ጥቂት መስመር አነበበች። «‘ክፍተት የለም’ ካልተባለ ማጽደቁ ይዘገያል፤ ያውቃሉ?»

«ዓመቱ እስኪያልቅ ቢዘገይልኝ አልጠላም። ግን መጽደቁን እፈልጋለሁ። ሊነግሩልኝ ይችላሉ?»

«እኔ አሠልጣኝ ነኝ፤ ምደባው የቢሮ ነው» አለች። ከዚያም ቅጹን ከክምሩ መሀል ሳይሆን ከላይ አደረገችው። ያን ያህል ነበር የምትችለው።

ቤት ሲደርስ አሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ሆኗል። ታክሲ ሰልፍ ላይ ብቻ ሐምሳ ደቂቃ ቆሟል። ቤቱ ሳሎንና ሁለት ክፍል ነው፤ መግቢያው ላይ ሰባት ጀሪካን ተደርድሯል፤ ውኃ ዛሬም አልመጣም። አማቱ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበር ላይ፣ ኮታቸውን እንደለበሱ፣ ሬዲዮ ያዳምጣሉ። ጡረታ ከወጡ ስድስት ዓመት ቢሞላቸውም ኮት ሳይለብሱ ሳሎን አይቀመጡም። ሚስቱ ከመድኃኒት ቤቱ ሥራዋ ተመልሳ ወጥ ቤት ናት፤ ሽንኩርት ስትከትፍ ይሰማል። ርዕሰ መምህሩ ጫማውን አውልቆ ከአማቱ ፊት ለፊት ተቀመጠ። እንደ ወትሮው ጋዜጣ አላነሳም። እሳቸውም ይህን ልብ አሉ።

«አለቀ ሥልጠናው?» አሉ።

«አለቀ፣ አባባ። ተተኪውን ጻፍን። ምክትሌን ጻፍኳት።»

ሬዲዮውን ዝቅ አደረጉት። «ያቺን መነጽር የምታደርገውን? ጎበዝ ናት ትል አልነበረም?»

«ጎበዝ ናት።»

«ታዲያ ምን ነካህ?»

«አንድ ጢሞ የሚሉት ዳይሬክተር ዛሬ ሻይ ላይ ቀልድ አወራልን» አለ። «ስለ ሉል።»

ሽማግሌው እጃቸውን ሬዲዮው ላይ እንዳደረጉ ቀሩ። ውጪ የጎረቤት በር ተከፍቶ ተዘጋ። ርዕሰ መምህሩ ሊል ያሰበውን ሁሉ አላለም፤ እሳቸውም አልካዱም። ሚስቱ ቢላዋ እንደያዘች በሩ ላይ ብቅ አለች፤ አባቷን አየች፤ ባሏን አየች። «ሁለታችሁ ደግሞ ዛሬ ምን ሆናችሁ?»

«ምንም» አሉ ሁለቱም፣ ባንድ ጊዜ። እሷም ትከሻዋን ሰብቃ ተመለሰች።

«ልጄን እንደምትጠይቀኝ ያን ጊዜ አላወቅኩም» አሉ አማቱ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው።

«ቢያውቁስ?»

«ደብዳቤውን አሳጥረው ነበር።»

ርዕሰ መምህሩ ሳይፈልግ ሳቀ። የጠዋቱ ዓይነት ሳቅ አልነበረም፤ ከደከመ ሰው ሆድ የወጣ አጭር ሳቅ ነው። ሽማግሌው ግን አልሳቁም። ዓይናቸውን ከወለሉ ሳያነሱ «እኔም እንዲህ ያለች ምክትል ነበረችኝ» አሉ። «አሥራ አንድ ዓመት ይዤ ቆየኋት። ምክትል እንደሆነች ጡረታ ወጣች። ስትሰናበተኝ እጄን ጨብጣ ‘ይመስገነው’ ብቻ አለችኝ። ማን እንደሚመሰገን አልነገረችኝም።» ቀጥለውም «እና አሁን ያልጻፍከው ማን ነው? መቼም አንድ የሚጻፍ አታጣም» አሉ።

«አንድ የሳይንስ መምህር። ለእናቱ ነግሯታል፤ እሷ ደግሞ ለጎረቤት።»

«ምን ልታደርገው ነው?»

«ሰኞ ክፍሉ እገባለሁ። ኋላ ወንበር ላይ እቀመጣለሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን አላውቅም።»

አማቱ ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ አንተ ክፍል ገብቼ አላውቅም» አሉ። «ስድስት ዓመት አብረን ሠርተናል፤ አንድ ቀን አልገባሁም። ኮሪደር ላይ እቆምና ጫጫታውን ሰምቼ፣ በመስኮቱ አይቼህ፣ ቢሮዬ እመለሳለሁ። ሥራ አለብኝ እል ነበር።»

«ቢገቡ ኖሮ ምን ይሉኝ ነበር?»

ሽማግሌው አላመነቱም። መልሱ አሥራ አራት ዓመት ሙሉ አፋቸው ላይ የነበረ ይመስል ነበር። «ጀርባህን ለልጆቹ ሰጥተህ፣ ለጥቁር ሰሌዳው ነበር የምታስተምረው። ‘ዙር’ እልህ ነበር።»

«ዙር?»

«ዙር።»

ርዕሰ መምህሩ የሚጨምሩት ያለ መስሎት ጠበቀ። አማቱ ግን ሬዲዮውን አጥፍተውት፣ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው ተቀምጠዋል።

«ሌላስ፣ አባባ?»

«ሌላ ምንም አልነበረም» አሉ።